«ግማሽ መንገድ ተጉዘናል»? የ2027ቱ የክሪኬት ዓለም ዋንጫና የአዘጋጇ ተስፋ

የጄፒው
ትናንት ማታ እዚህ የደቡብ አፍሪካ ሐበሾች ገጻችን ላይ «ኪንግስሜድ» የተባለው ወንድማችን የጻፈውን አንብቤ ተናድጄ ነው ያደርኩት። ቃል በቃል ልድገመው፦ «የ2027ቱ የክሪኬት ዓለም ዋንጫ የሚካሄደው በሜዳችን ነው፤ ውድድሩ ሳይጀመር ግማሽ መንገድ ተጉዘናል።» ግማሽ መንገድ! ደቡብ አፍሪካ ትልልቅ ውድድር ስታዘጋጅ ምን እንደሚደርስባት የሚያስታውስ ሰው ከመካከላችን ጠፋ? በ2003 ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች። በ2007 የመጀመሪያውን የሃያ ኦቨር (ኦቨር ስድስት ኳስ ውርወራ ነው) ዓለም ዋንጫ አዘጋጅታ፣ በአንድ ሽንፈት ብቻ ወጣች። በ2009 የቻምፒየንስ ትሮፊን አዘጋጅታ ዳግመኛ ከምድብ ተሰናበተች። ሦስቱንም ጊዜ ሜዳው የእርሷ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ደግሞ በዚህ እንዳትጣሉኝ።)

ኪንግስሜድ
የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ። በ2003 የተጫወቱት ሰዎች ዛሬ ሽበት አብቅለዋል። እኔ የማወራው ስለ አሁኑ ቡድን ነው። በ2025 በሎርድስ፣ በአምስት ቀኑ ጨዋታ ዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ፣ አውስትራሊያን አምስት ዊኬት ሲቀረው (አምስት መቺ ሳይወጣበት) ማን አሸነፈ? 282 ራን (ነጥብ) አሳድዶ! መቺው ማርክራም 136፣ አምበሉ ባቩማ ደግሞ ጡንቻው ተጎድቶ እያነከሰ 66 ራን። በዚያው ዓመት መጨረሻ ህንድን በገዛ ሜዳዋ 2 ለ 0 ረታ። ይህ ቡድን በጭንቅ ሰዓት የሚፈርስ ቡድን አይደለም። በዚህ ላይ የገዛ ሕዝቡን ስትጨምርበት፣ አዎ፣ ግማሽ መንገድ ተጉዘናል። ደግሜ እጽፈዋለሁ።

የጄፒው
ደግመህ ጻፈው፣ እኔም ደግሜ እጠይቅሃለሁ። ሎርድስ የት ነው? ለንደን። ህንድን ያሸነፉት የት ነው? ህንድ። የሜዳን ጥቅም ለማስረዳት ያመጣኸው ማስረጃ በሙሉ ከሜዳ ውጭ የተገኘ ነው! እንዲያውም ካልክ ይህ ቡድን የሚያምርበት ከቤቱ ሲርቅ ነው ማለት ይቀልልሃል። በዚያ ላይ ያመጣኸው የአምስት ቀን ጨዋታ ነው፤ የ2027ቱ የሃምሳ ኦቨር ነው።

እህተ ኬፕታውን
ሁለታችሁም እንደተለመደው ሴቶቹን ዘላችኋቸዋል። «ሦስቱንም ጊዜ» የሚለው ከየት መጣ? በ2023 የሴቶች የሃያ ኦቨር ዓለም ዋንጫ እዚሁ ነበር። በኒውላንድስ ግማሽ ፍጻሜ እንግሊዝን በ6 ራን አሸንፈው ፍጻሜ ገቡ። ከዚያ በፊት የትኛውም የደቡብ አፍሪካ ዋና ቡድን፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ለክሪኬት ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ስታዲየም ውስጥ ነበርኩ። ሕዝቡ ምን ማድረግ እንደሚችል የጠየቀኝ ሰው ካለ ልንገረው።

የጄፒው
እህቴ፣ ፍጻሜውንስ ማን ወሰደው?

እህተ ኬፕታውን
አውስትራሊያ፣ በ19 ራን። ምን ለማለት ነው?

የጄፒው
ለማለት የፈለግሁትን ራስሽ አልሽው። በ2003 ጆሃንስበርግ ዋንደረርስ ሜዳ ላይ ዋንጫውን ያነሳው ማን ነው? አውስትራሊያ፤ አምበላቸው ፖንቲንግ ብቻውን 140 መትቶ ሳይወጣ። በ2009 ሴንቱሪየን ላይስ? አውስትራሊያ። በ2023 ኒውላንድስ ላይ? አውስትራሊያ። በ2007 ብቻ ህንድ ቀደመቻቸው። እንግዲህ ግማሽ መንገድ የተጓዘ ሰው ካለ በሲድኒና በሜልበርን ፈልጉት። ኳስ የምታነጥር ፈጣን ፒች (የመወርወሪያ መሬት)፣ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ከተማ፣ ሲመቱት ርቆ የሚበር ኳስ... ይህ ሁሉ ለእነርሱም እንደ ቤታቸው ነው።

ኪንግስሜድ
ዋንደረርስን ካነሣህ አይቀር 2006ንም አንሣ። አውስትራሊያ 434 መትታ ጨዋታው አለቀ ሲባል፣ 438 መትተው ያሸነፉት በየትኛው ሜዳ ነው? እዚያው! ደቪሊየርስ በ31 ኳስ መቶ የሞላው በየትኛው ሜዳ ነው? እዚያው! ስታዲየሙ ሲያብድ ተጫዋቹም ያብዳል። ይህ ተረት አይደለም።

የጄፒው
ሁለቱም ዋንጫ የሌለባቸው ጨዋታዎች ናቸው። ዋንጫ ሲመጣ የት ይገባሉ?

ባለ ሱቁ
እኔ ክሪኬቱን ትቼ አንድ ነገር ልጠይቅ። «በሜዳችን» ስትሉ የማን ሜዳ ነው? በ2008ም፣ በ2019ም ሱቃችን ሲሰበር «ወደ አገራችሁ ሂዱ» ነበር የተባልነው። ሎኬሽን (የጥቁሮች ሰፈር) ውስጥ ሱቅ ያለው ሰው ማታ በሩን ሲዘጋ ምን እንደሚያስብ እናንተ ታውቃላችሁ። አሁን ቢጫና አረንጓዴ ማሊያ ለብሳችሁ «ተጉዘናል» ትላላችሁ። ተጓዥስ ነን፤ በየትኛው መንገድ እንደመጣን አልረሳሁም።

ኪንግስሜድ
ወንድሜ፣ ቁስልህ ቁስሌ ነው። ነገር ግን ልጄ እዚህ ተወልዶ እዚህ ትምህርት ቤት ክሪኬት ይጫወታል፤ ወርዋሪ ነው፤ ግድግዳው ላይ የቡድኑን ወርዋሪ የራባዳን ፎቶ ለጥፏል። ለእርሱ «የእኛ አይደለም» ልበለው? ሱቅ የሰበረው ባቩማ አይደለም።

ባለ ሱቁ
እኔ ባቩማ ሰበረ አላልኩም። ልጅህም ይደግፍ፣ ይባረክ። አንተ ግን ባለፈው ሳምንት ስለ መኖሪያ ፈቃድ እድሳት እዚሁ ስታለቅስ ነበር። እድሳቱ ሳይመጣ ዋንጫው መጣልህ።

የድሮ ሰው
ልጆች፣ ከአዲስ አበባ ሆኜ አንድ ነገር ልጨምር። ስለ አዘጋጅ አገር ተስፋ እኛን ጠይቁን። በ1962 የአፍሪካ ዋንጫን አዘጋጅተን ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን ወሰድነው። ሉቺያኖ ቫሳሎ አምበል፣ መንግሥቱ ወርቁ አጥቂ። በ1968 አዘጋጅተን አራተኛ ወጣን። በ1976 አዘጋጅተን ከመጀመሪያው ምድብ ወደቅን፤ ዋንጫውን የሌላ አገር ሰው በአዲስ አበባ ሲያነሣው ቆመን አየን። አገሩ ያው፣ ከተማው ያው፣ ጩኸቱ ያው ነበር። ሜዳ ዋንጫ ቢያስበላ ኖሮ እኛ ሦስት በኖረን።

ኪንግስሜድ
ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው የምናገረው፤ የእርስዎ ምሳሌ እኔን ነው የሚደግፈው። ኢትዮጵያ ያላት አንድ የአፍሪካ ዋንጫ ብቻ ነው። የት ወሰደችው? በሜዳዋ! ደቡብ አፍሪካም እግር ኳሱን በ1996 የወሰደችው በሜዳዋ ነው፤ በ1995 የራግቢውን ዓለም ዋንጫም እንዲሁ።

የድሮ ሰው
በ2010 ደግሞ የእግር ኳስ ዓለም ዋንጫን አዘጋጅታ ከምድብ ሳታልፍ የቀረች የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። ያንን ለምን ዘለልከው ልጄ? ደግሞ በ1962 የነበሩት ቡድኖች አራት ብቻ ነበሩ፤ ሁለት ጨዋታ ብቻ ነው ያሸነፍነው። የ2027ቱ አሥራ አራት ቡድን ነው።

ናይሮቢ ማዶ
ሁላችሁም 2003ን ታነሣላችሁ፤ ዋናውን ነገር ግን ማንም አላነሣም። በዚያ ውድድር ግማሽ ፍጻሜ የደረሰች አዘጋጅ አገር ነበረች፤ ኬንያ! ሁለት ጨዋታ ናይሮቢ ላይ ተመድቦላት ነበር። ኒውዚላንድ ለደህንነቴ እሰጋለሁ ብላ ስትቀር ነጥቡን በነጻ አገኘች፤ ስሪላንካን ግን በሜዳዋ በእውነት ደበደበቻት፤ ኮሊንስ ኦቡያ አምስት ዊኬት ወሰደ። ያኔ የሜዳ ጥቅም ታየ። ከዚያስ? በ2011 ለመጨረሻ ጊዜ ዓለም ዋንጫ ታየች፣ በ2014 የአንድ ቀን ዓለም አቀፍ ደረጃዋን አጣች። እዚህ ሰፈር ልጆች ስለዚያ ቡድን ሲነገራቸው የቅድመ አያት ታሪክ ይመስላቸዋል። ስለዚህ የእኔ ጥያቄ ዋንጫው ማን ጋ ይቀራል አይደለም፤ ውድድሩ ካለፈ በኋላ ምን ይቀራል ነው።

የጄፒው
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን ከርዕሱ አትውጣ። ግማሽ መንገድ የተባለው ገና አልተመለሰልኝም።

እህተ ኬፕታውን
አንተስ በአንድ ሐረግ ላይ ስንት ሰዓት ትቀመጣለህ? ሰውየው ተስፋ አደረገ፣ ወንጀል ነው?

የጄፒው
ተስፋ ሳይሆን ሒሳብ ነው የጻፈው። ሒሳብ ደግሞ ይመረመራል። በ2003 ደርባን ላይ ከስሪላንካ ጋር የሆነውን እናውቃለን። ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ጨዋታው ከተቋረጠ ስንት ራን እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ የስሌት ወረቀት ለቡድኑ ተሰጥቶታል፣ መቺው ቡቸር በኦቨሩ መጨረሻ አካባቢ ስድስት (ኳሷን ከሜዳው ጠርዝ አሻግሮ) መታና ያለፉ መስሎት የመጨረሻዋን ኳስ ዝም ብሎ አቆማት። 229 እኩል የሚያደርጋቸው ቁጥር ነበር፤ ለማሸነፍ 230 ያስፈልግ ነበር። አንድ ራን! ሜዳው የማን ነበር? ስምህን የወሰድክበት ኪንግስሜድ ነው! በ2007ም ህንድ ያስወጣቻቸው እዚያው ነው፤ ለማለፍ 126 ብቻ ሲበቃቸው 116 ላይ ቆሙ። ስምህን ከመቃብር ቦታ ነው የወሰድከው።

ኪንግስሜድ
ስሜን የወሰድኩት ከቤቴ አጠገብ ስላለ ነው። አንተ ደግሞ በጆሃንስበርጉ የሐበሾች ገበያ በጄፒ ስም የጄፒው ተብለህ፣ ከዚያ ርቀህ ሚድራንድ ከገባህ ሁለት ዓመት ሆነህ።

ባለ ሱቁ
ይህን ጥሩ አልከው።

የጄፒው
የመኖሪያ አድራሻዬ ከክሪኬት ጋር ምን አገናኘው? የዝናቡን ነገር መልስልኝ። ውድድሩ በጥቅምትና በኅዳር ነው። በዚያ ወቅት ጆሃንስበርግና ፕሪቶሪያ ላይ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። በ1992 ሲድኒ ላይ በዝናብ ደንብ በአንድ ኳስ 21 ራን አምጡ የተባሉት እነዚሁ ናቸው። በ2015 ኦክላንድ ላይም ዝናብ ኦቨር ቀንሶባቸው፣ ጆሃንስበርግ የተወለደው ኤሊየት ለኒውዚላንድ ተሰልፎ የደቡብ አፍሪካውን ወርዋሪ ስቴይንን በስድስት ሸኘው።

ኪንግስሜድ
በ2024 ባርባዶስ ላይ፣ በሃያ ኦቨር ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ ዝናብ ነበር? በ30 ኳስ 30 ራን ሲቀራቸው በ7 ራን የተሸነፉት በጠራራ ፀሐይ ነው። ዝናቡን ተወው።

የጄፒው
አመሰግናለሁ። ይህን እኔ ልጽፈው ነበር።

ሐራሬ በር
ደቡብ አፍሪካ፣ ደቡብ አፍሪካ ትላላችሁ። አዘጋጆቹ ሦስት ናቸው፤ ዚምባብዌና ናሚቢያም አሉ። ከ54ቱ ጨዋታ 44ቱ ደቡብ አፍሪካ ላይ ስለሆነ ነው መሰለኝ ሌሎቹ የተረሱት። ዚምባብዌ የ2019ንም የ2023ንም ዓለም ዋንጫ ያጣችው ማጣሪያውን በገዛ ሜዳዋ አዘጋጅታ ነው። በ2018 ሐራሬ ላይ በዐረብ ኤምሬትስ በ3 ራን፣ በ2023 ቡላዋዮ ላይ በስኮትላንድ ተሸንፋ። አሁን አዘጋጅ ስለሆነች ያለ ማጣሪያ ገባች። ናሚቢያ ግን የዓለም ክሪኬት ምክር ቤት ሙሉ አባል አይደለችም ተብሎ ሜዳውን እያበደረች ማጣሪያውን አልፈሽ ግቢ ተባለች። ይህ ፍትሕ ነው? ዊንድሁክ ላይ አዲሱን ሜዳ በጥቅምት 2025 ስትመርቅ ደቡብ አፍሪካን ራሷን በመጨረሻዋ ኳስ አሸንፋለች!

ኪንግስሜድ
ያን ቀን የተሰለፈው ዋናው ቡድን አልነበረም።

ሐራሬ በር
ሲያሸንፍ «ይህ ቡድን»፣ ሲሸነፍ «ዋናው ቡድን አልነበረም»። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

የድሮ ሰው
ደንቡ ደንብ ነው። ቡድንህ ካልበቃ ሜዳ ስላለህ ብቻ መግባት የለብህም።

ሐራሬ በር
ጋሼ፣ እርስዎ በ1962 ማጣሪያ ተጫወቱ? አዘጋጅ ስለሆናችሁ በቀጥታ አይደል ግማሽ ፍጻሜ የገባችሁት?

የድሮ ሰው
ያኔ ከአፍሪካ ነጻ የወጣው አገር ስንት ነበር? ይህን ከዛሬው ጋር አታወዳድረው፤ ታሪክ አንብብ።

እህተ ኬፕታውን
ወደ ቡድኑ እንመለስና፣ ባቩማ በግንቦት 1990 ነው የተወለደው፤ በውድድሩ ጊዜ 37 ዓመት ይሞላዋል። የሃምሳ ኦቨር ቡድኑን እርሱ ይምራ ወይስ ከአሁኑ ለሌላ ይሰጥ? ይህን ማንም አይናገርም።

የጄፒው
ይሰጥ። ሎርድስ ላይ እግሩ የከዳው በ35 ዓመቱ ነው።

ኪንግስሜድ
በዚያው እግሩ ነው ያሸነፈው! ከኬፕታውን ሎኬሽን ከላንጋ ተነሥቶ ይህን ቡድን ዋንጫ ያስነሣን ሰው፣ በገዛ አገሩ ውድድር ዋዜማ ውረድ የምትል ከሆነ...

ባለ ሱቁ
ደግሞ ጀመሩ።

የጄፒው
ውረድ አላልኩም። ይምረጡት፣ ይሰለፍ፤ አምበልነቱን ግን ለማርክራም ይስጥ ነው ያልኩት።

ኪንግስሜድ
«ይሰጥ» ብለህ ጽፈሃል፤ ከላይ አለ። ማርክራም በ2024ቱ ፍጻሜ አምበል አልነበረም? በ30 ኳስ 30 ራን ሲቀራቸው አምበሉ ማን ነበር?

እህተ ኬፕታውን
አምበል ምን ያድርግ፤ ወጥቶ ተቀምጦ ነበር እኮ።

ኪንግስሜድ
እርሱ ይመልስ፤ አንቺን አልጠየቅሁም።