ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የውጭ ቋንቋና ባህል ማጥናት፦ ምን ይጠብቀኛል?

ጀማሪዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ዩኒቨርሲቲ የዘመናዊ ቋንቋዎችና ባህሎች ትምህርት ክፍል ደርሶኛል፤ የምፈልገውም እሱን ነበር። ዋናው ቋንቋዬ ፈረንሳይኛ ነው፤ ደረጃዬ ቢ1 ገደማ፣ ማለትም መካከለኛ ነው። ሁለተኛ ቋንቋ ከዜሮ መጀመር ስለሚቻል ዐረብኛ ልያዝ ወይስ ጀርመንኛ እያልኩ እያመነታሁ ነው። ትምህርቱ ከተለመደው የቋንቋ ኮርስ በምን ይለያል? እስኪጀመር ጥቂት ወራት አሉኝ፤ ምን ብሠራባቸው ይሻላል? ቤተሰቦቼ ደግሞ «ስልክ ሁሉን ይተረጉም የለ እንዴ፣ ይሄ ምን ያደርግልሻል?» ይሉኛል። የተማራችሁም የምታስተምሩም ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ሦስተኛ ዓመት ላይ
እንኳን ደስ አለሽ! ብዙ ሰው የሚደነግጠው በመጀመሪያው ጥያቄሽ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። ሰዋስውና ንግግር አለ፤ ግን ጊዜሽን የሚወስደው እሱ አይደለም። ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ሲኒማ፣ ሥነ ልሳን ይመጣል፤ ንባቡም ፈተናውም በፈረንሳይኛ ነው። ባህል ሲባል ደግሞ ፓሪስ ብቻ እንዳይመስልሽ። ምዕራብ አፍሪካ አለ፣ ማግሬብ (የሰሜን አፍሪካ ዐረብ አገሮች) አለ፣ ካሪቢያን አለ፣ የካናዳዋ ኩቤክ አለች። በ1930ዎቹ የአፍሪካና የካሪቢያን ተማሪዎች ፓሪስ ላይ ያስነሱትን፣ በጥቁርነት መኩራትን የሰበከውን የኔግሪቲዩድ የሥነ ጽሑፍ እንቅስቃሴ ቀድመሽ ብታነቢ ብዙ ነገር ይገባሻል። እኔ ከሁሉም የወደድኩት ኮርስ እሱ የተነሳበት ነው።

አንድ ነገር አሁኑኑ ያዢ። ልቦለድ ስትከፍቺ ሰው ሲያወራ የማትሰሚው የኃላፊ ጊዜ ይገጥምሻል፤ ፓሴ ሳምፕል ይሉታል። ራስሽ እንድትጽፊበት የሚጠይቅሽ የለም፤ ስታዪው ማወቅ ይበቃል። የሚያሳስቱት አጫጭሮቹ ናቸው፦ «ኢል ፉ» የ«ኤትር» (መሆን)፣ «ኢል ፊ» የ«ፌር» (ማድረግ) ነው። እነዚህን ሁለቱን ካልለየሽ ገጹ በሙሉ ይምታታብሻል።

የፈረንሳይኛ መምህር
ከላይ የተባለው ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ጽሑፍ ነው። ዲሰርታሲዮን የሚባል የጽሑፍ ዓይነት አለ፤ ጎበዝ ተማሪዎችንም ያስቸግራል። አንድ ጥቅስ ወይም ርዕስ ይሰጥሻል። አንቺ ከውስጡ አከራካሪውን ጥያቄ ታወጪያለሽ። መግቢያው ላይ ጥያቄውን አስቀምጠሽ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደምትሄጂ ትናገሪያለሽ፤ ከዚያ በሁለት ወይም በሦስት ክፍል ትከራከሪያለሽ። እኔ ሳርም የጾታ ስምምነት ስህተት ብዙም አያስጨንቀኝም። የሚያሳዝነኝ ያማረ ፈረንሳይኛ ተጽፎ ምንም የሚሞግት ሐሳብ ሲታጣ ነው።

እስከዚያ በሚቀርሽ ጊዜ አጫጭር ታሪኮች አንብቢ። አንድ ገጽ መጀመሪያ ያለ መዝገበ ቃላት እስከ መጨረሻው ሂጂበት። ስትመለሺ፣ እየተደጋገመ መንገድ የዘጋብሽን ቃል ብቻ ፈልጊ። ሌላውን ተይው። በመጨረሻ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው። ያወጣሻቸውን ቃላት ደግሞ በማግስቱ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ መልሰሽ እያቸው። ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ስለ መርሳት ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በአንድ ቀን ከታጨቀው ይልቅ ተራርቆ የተደገመው ይቆያል።

ዐረብኛ የተማረ
ዐረብኛን አትፍሪው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም ለዐረብኛ 2,200 የክፍል ሰዓት ይመድባል፤ ጀርመንኛ ከዚያ በግማሽ እንኳ አይደርስም። ይህን አይቶ የሚሸሽ ብዙ ነው። ስሌቱ ግን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የተሠራ ነው። አንቺ ከ«ሰበረ» ሰባሪ፣ ስብራት፣ ተሰበረ እያልሽ ያደግሽ ነሽ። የዐረብኛም አሠራር እንዲሁ በሥር ፊደላት ላይ ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ወራት የሚፈጅበትን ነገር አንቺ ቶሎ ትይዢዋለሽ። ከባዱ ሌላ ቦታ ነው። አጫጭር አናባቢዎች በጋዜጣና በተራ መጽሐፍ አይጻፉም፤ ስለዚህ ቃሉን ሳታውቂ አስተካክለሽ ማንበብ ያስቸግራል። ደግሞም የሚጻፈው ፉስሓና በየአገሩ የሚነገረው በጣም ይራራቃሉ። ከመመዝገብሽ በፊት ትምህርት ክፍሉ ከፉስሓው ጋር የሚነገር ዐረብኛ ያስተምር እንደሆነ፣ ካስተማረም የየትኛው አገር እንደሆነ ጠይቂ። ይሄ ጥያቄ ትልቅ ነው። ፉስሓ ብቻ ይዞ የተመረቀ ሰው ዜና በደንብ ይሰማል፤ ታክሲ ውስጥ ግን ይጨንቀዋል።

አስተርጓሚ ነኝ
ለቤተሰቦችሽ እኔ ልመልስ። የስልኩ ትርጉም ጥሩ ነው፤ እኔም ረቂቅ ለማውጣት እጠቀምበታለሁ። ችግሩ ሳይገባው ሲቀር አያስታውቅም። በሽተኛ ሐኪም ፊት ቀርበው ነገሩን አለባብሰው ሲናገሩ፣ ሰው የሆነ አስተርጓሚ «ይህ ግልጽ አልሆነልኝም፣ ይድገሙልኝ» ይላል። ማሽኑ የመሰለውን አስተካክሎ ያነበዋል፤ ሐኪሙም አምኖ ይጽፋል። ፍርድ ቤትም፣ ድርድርም እንዲሁ ነው።

ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ደግሞ ሁለቱም ከተባበሩት መንግሥታት 6 ኦፊሴላዊ ቋንቋዎች ናቸው። የጉባኤ አስተርጓሚነት ብዙ ጊዜ ማስተርስ ይጠይቃል። ሥራው አድካሚ ስለሆነ በአንድ ክፍል ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሆነን በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ እንቀያየራለን። አንድ አደራ፦ አማርኛሽን አትተዪው። ጥሩ ትርጉም የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋ ነው፤ እሱ ካልዳበረ ሌላው ብቻውን አያወጣሽም።

ጀማሪዋ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልቤ ወደ ዐረብኛ አደላ። አንዲት ጥያቄ ቀረችኝ፦ ትምህርት ሳይጀመር ዴልፍ የሚባለውን የፈረንሳይኛ ችሎታ ፈተና በቢ2 ደረጃ ልፈተን?

ሦስተኛ ዓመት ላይ
ዩኒቨርሲቲው ካልጠየቀሽ አሁን አትቸኩዪ። ከቢ1 ወደ ቢ2 ያለው ርቀት ቀላል አይደለም፤ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ብትፈተኚ ተዘጋጅተሽ ትቀርቢያለሽ። ዴልፍ ዲፕሎማ ነው፣ ካገኘሽው ጊዜው አያልፍም። ቲሲኤፍ የሚሉት ሌላው የፈረንሳይኛ ፈተና ግን ውጤቱ የሚሠራው ለ2 ዓመት ነው፤ ለውጭ ልውውጥ ካሰብሽው ማመልከቻው ከሚዘጋበት ቀን ጋር አስተያይተሽ ተመዝገቢ። ልውውጡ ራሱ በየትኛው ዓመት እንደሆነ፣ እዚያ የምትወስጂው ኮርስ እንደሚቆጠርልሽም በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቂ። እኛ ዘንድ ቦታው የሚያልቀው ገና ብዙው ተማሪ ሳያስበው ነው።