የላክሽሚን ምሽት መንግሥት ይወስን?

የክርክሩ ጥያቄ፦ በ2017 ዓ.ም. የሂንዱዎች የብርሃን በዓል የሆነው የዲዋሊ ዋና ምሽት ጥቅምት 21 ነው ወይስ 22 በሚል የሕንድ ምእመናን ተከፋፍለው ነበር። መንግሥት የብልጽግና አምላክ ለሆነችው ለላክሽሚ የሚሰገድበትን ምሽት ለመላው አገር አንድ አድርጎ ሊወስን ይገባል?

ቀዳሚ ተከራካሪ፦ ይገባል እላለሁ። የሂንዱዎች ቅድስት ከተማ የቫራናሲ ሊቃውንት 21ን ሲደግፉ ሌሎች የቀን መቁጠሪያ አዘጋጆች 22ን አትመው አሰራጩ፤ አዲሱን የሒሳብ መዝገቡን በዚያ ምሽት የሚያስባርከው ነጋዴም፣ ለበዓሉ ወደ ወላጆቹ የሚጓዘው ሠራተኛም የቱን እንደሚይዝ ግራ ገባው። እ.ኤ.አ. በ1952 በፊዚክስ ሊቁ በሜግናድ ሳሃ ሰብሳቢነት የተቋቋመው ኮሚቴ በአገሪቱ 30 ያህል የተለያዩ አቆጣጠሮች እንዳሉ አይቶ አንድ ብሔራዊ አቆጣጠር አቀረበ። አቆጣጠሩ እ.ኤ.አ. በ1957 ሥራ ላይ ቢውልም ከመንግሥት ጋዜጣና ከሬዲዮ ብዙም አልዘለቀም። የጎደለው ቁርጠኝነት ነው።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦ እርስዎ ከቁርጠኝነት ማጣት የመጣ አድርገው ያዩት ልዩነት ከስሌቱ ባሕርይ የሚመነጭ ነው። ቲቲ የሚባለው የጨረቃ ቀን ጨረቃ ከፀሐይ 12 ዲግሪ በራቀች ቁጥር ይለወጣል፤ የጨረቃ ፍጥነት ወጥ ስላልሆነም አንዱ ቲቲ 19 ሰዓት፣ ሌላው 26 ሰዓት ያህል ሊቆይ፣ ሌሊትም ሆነ ቀትር ላይ ሊጀምር ይችላል። ጨረቃ የማትታይበት ቲቲ፣ አማቫስያ፣ ያን ጊዜ በዴልሂ ጥቅምት 21 በእኛ አነጋገር ከቀኑ 9 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ገደማ ገብቶ በማግስቱ ምሽት 12 ሰዓት ከ16 ገደማ ወጣ። ለላክሽሚ የሚሰገደው ደግሞ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባለው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በሚዘልቀው ፕራዶሽ ነው። የ21 ፕራዶሽ ሙሉ በሙሉ በአማቫስያ ውስጥ ሲውል፣ በ22 ፀሐይ 11 ሰዓት ከ36 ገደማ ስለጠለቀች የተረፈው 40 ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። አንዱ ወገን ሙሉውን ምሽት ያስቀድማል፤ ሌላው ፀሐይ ስትወጣ ያለው ቲቲ ቀኑን ይገዛል፣ ሁለቱን ምሽቶች ከነካም ሁለተኛው ይመረጣል ይላል። ሁለቱም የየራሳቸውን ድርሳን ይጠቅሳሉ። በባሕረ ሐሳብ ላደግን ሰዎች ለሁሉም አንድ ቀን መውጣቱ ግዴታ ሊመስለን ይችላል፤ እዚያ ግን ለቪሽኑ አምላክ በሚጾመው በኤካዳሺ፣ በአሥራ አንደኛው ቲቲ፣ እንኳ ስማርታዎችና ቫይሽናቫዎች የሚባሉት የሂንዱ ወገኖች አንዳንዴ በተለያየ ቀን ይጾማሉ፤ በዚህም አንዱ ሌላውን መናፍቅ አይለውም። ሚኒስትር የትኛውን ድርሳን ሊሽር ነው?

ሦስተኛ ተከራካሪ፦ ቦታም አይዘንጋ። ያው አማቫስያ በኒው ዮርክ ያበቃው ጥቅምት 22 ጠዋት 2 ሰዓት ከ46 ገደማ ስለነበር፣ ከሕንድ የመጣ መቁጠሪያ አይቶ 22 ምሽት የሰገደ ሰው ከአማቫስያ ውጭ ሰግዷል። ለዴልሂ የሚታወጅ ቀን ይህን ስሕተት ያባብሰዋል።

ቀዳሚ ተከራካሪ፦ የድርሳኑን ምርጫ ለሊቃውንት መተዉን እቀበላለሁ። ሆኖም መሥሪያ ቤትና ባንክ የሚዘጋበትን ቀን መንግሥት አስቀድሞ ካላሳወቀ የሚጎዳው ደመወዝተኛው ነው።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦ የሥራ መዝጊያውን ቀን ይወስን፤ ይህ ሥልጣኑ ነው። ከመቁጠሪያ አዘጋጆች ግን ስሌቱን ለየትኛው ከተማ እንደሠሩትና የትኛውን ደንብ እንደተከተሉ በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲያትሙ ሊጠየቅ ይገባል።