«ኮንጀኒክ» አይጦችን በአማርኛ ምን እንበላቸው?

ጣናነሽ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ባሕር ዳር፣ ፔዳ ግቢ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ስለ ሕብረ ሕዋስ ንቅለ ተከላ በአማርኛ እየጻፍኩ «ኮንጀኒክ» ላይ ስደርስ ቆምኩ። በዘረመላቸው አንድ ሆነው በአንዲት ቦታ ብቻ የሚለያዩ የላቦራቶሪ አይጦች ናቸው። «ዲቃላ» ልበል ወይስ «መንታ ዝርያ»?

ቃል ለቃሚ፦
ዲቃላ አይሆንም። ግማሽ በግማሽ ያስመስላል፤ በሰው ላይ ሲነገር ደግሞ ስድብ ነው። መንታም ልክ አይመጣም። የነዚህ አይጦች ጥቅም እኮ ያቺው ልዩነታቸው ናት።

የዘጌ ልጅ፦
እህቴ ጣናነሽ፣ መጀመሪያ አሠራሩን እንይ፤ ስሙ ከዚያ ይመጣል።

እነዚህን ዝርያዎች ያወጣው ጆርጅ ስኔል ነው፤ አሜሪካ፣ ሜን ግዛት በሚገኘው ጃክሰን ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር። ያስጨነቀው ጥያቄ ይሄ ነው፦ ከአንዱ አይጥ ተነቅሎ ሌላው ላይ የተተከለ ሥጋ አንዳንዴ የሚጸድቀው፣ አንዳንዴ የሚወድቀው ለምንድን ነው? (ችግኝ «ጸደቀ» እንደምንለው ነው፤ ለንቅለ ተከላም ከዚህ የተሻለ ግስ አላውቅም።) ሥጋውን የሚያስጥሉት ዘረመሎች ብዙ ናቸው። አንዷን ለይቶ ለማየት ሌላው ሁሉ አንድ መሆን አለበት።

ስለዚህ አንድ ጥቁር የአይጥ ዝርያ ወስዶ ከሌላ ዝርያ ጋር አዳቀለ። ከልጆቹ የተፈለገችውን ዘረመል የያዘው ይመረጥና ተመልሶ ከጥቁሩ ዝርያ ጋር ይዳቀላል። ከዚያ የሚወለደውም እንዲሁ። በየትውልዱ የባዕዱ ድርሻ በግማሽ ይቀንሳል፤ 50 በመቶ፣ 25፣ 12.5 እያለ 10ኛው ትውልድ ላይ 0.1 በመቶ ገደማ ይቀራል።

ይሄ ስሌት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎቻችን ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ያለ አንድ አያት ለአንድ ሰው የሚያደርሰው በአማካይ ከ128 አንድ እጅ ነው፤ 1 በመቶም አይሞላ። ሥጋ የሚርቅበትን ቦታ ያለ ሒሳብ ወረቀት አግኝተውታል፤ ይሄ ሁሌም ይደንቀኛል። ስኔል በላዩ ሦስት ቤት ጨመረ ማለት ነው።

አጻጻፉም ደስ ይላል። «ቢ10.ዲ2» የሚል ካየሽ፣ ከነጥቡ በፊት ያለው ባለቤቱ ጥቁር ዝርያ ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው ዘረመሉን የሰጠው። ከንጹሑ ቢ10 የተወሰደ ቆዳ በዚህ አይጥ ላይ ቢተከል ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ይወድቃል። ሌላው ሁሉ አንድ ሆኖ! የሚለያዩት 17ኛው ክሮሞዞም ላይ፣ «ኤች-2» በሚባለው ስፍራ ነው። ስኔል በዚህ ሥራ በ1980 እ.ኤ.አ. ከዣን ዶሴ እና ከባሩክ ቤናሴራፍ ጋር ኖቤል ተሸልሟል።

እኔ «አንድ-ልዩ ዝርያ» ብዬ፣ መጀመሪያ ላይ «ኮንጀኒክ»ን አጠገቡ እጽፍ ነበር።

ቃል ለቃሚ፦
«አንድ-ልዩ» ተስማምቶኛል። ግን «ዘር ከልጓም ይስባል» እዚህ አይገባም ወይ? የተመረጠችው ዘረመል ብቻዋን አትመጣማ።

የዘጌ ልጅ፦
ተረቱ የሚለው የትውልድ ጠባይ ከልጓም በላይ ሰውን ይጎትታል ነው። ነገሩ ግን እውነት ነው፤ ክሮሞዞሟ ላይ አጠገቧ ያሉትን አስከትላ ነው የምትመጣው። 10 ትውልድም ሙሉ በሙሉ አያስለቅቃቸውም። ጣናነሽ፣ «በአንዲት ዘረመል» ከማለት «በአንዲት ቁራጭ» ብትዪ ይሻላል።

ጣናነሽ፦
እግዜር ይስጥልኝ! «የሥጋ ዘመድ» የሚለውንስ ለ«ኤች-2» ልጠቀምበት? ሥጋው ዘመዱን የሚያውቅበት ቦታ ነውና።

የዘጌ ልጅ፦
በጣም ያምራል፤ ግን አንባቢን እንዳያሳስት። የእኛው «ኤች-2» «ኤችኤልኤ» ይባላል፤ 6ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። የአንድ እናትና አባት ልጆች በእሱ ሙሉ በሙሉ የሚገጥሙት ከአራት አንድ ዕድል ነው። ኩላሊት የሚጠብቅ ሰው ያለበት ቤተሰብ ጽሑፍሽን አንብቦ «የሥጋ ዘመዱ ስለሆነ ይገጥማል» ብሎ እንዳይደመድም። «የሥጋ መስማማት» በዪው።

ቃል ለቃሚ፦
እኔም «መስማማት» እላለሁ። ቀጥሎ ለ«ኢንብሬድ» ቃል አምጡ፤ ወንድምና እህት 20 ትውልድ ሲዳቀሉ የሚወጣው ዝርያ። «ንጹሕ ዘር» እንዳትሉኝ ብቻ።