ዱባይ ሆቴል ውስጥ የስቱዋርዲንግ ሱፐርቫይዘርነት ሥራ፦ ልሂድ ወይስ ልተው?

የካዛንቺስ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ካዛንቺስ ያለ ትልቅ ሆቴል ኪችን ውስጥ ስቱዋርድ ነኝ፣ ማለትም ዕቃ አጣቢና ኪችን አጽጂ። ዱባይ ለሚገኝ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ለስቱዋርዲንግ ሱፐርቫይዘርነት፣ ማለትም ለስቱዋርዶች ተቆጣጣሪነት፣ ተወዳድሬ አለፍኩ፣ ኦፈር ሌተሩም (የቅጥር ደብዳቤው) ደርሶኛል። ቤት ግን «ሰው አገር ድረስ ሄደህ ሳህን ልታጥብ?» እያሉኝ ነው። እኔ ሥራውን እወደዋለሁ። እዚያ የሠራችሁ፣ የሱፐርቫይዘር ውሎ ምን ይመስላል? ደግሞ አንድ ደላላ ፕሮሰሱን ላስጨርስልህ ብሎ ብር እየጠየቀኝ ነው።

ዱባይ የኖረች፦
እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ! እኔም እዚያው በዚሁ ሥራ ቆይቼ ነው የመጣሁት። ሱፐርቫይዘር ሳህን የሚያጥበው ሰው ሲጎድል ነው፤ ዋናው ሥራህ ቆጠራ ነው። ማታ ትልቅ ሠርግ ካለ ስንት ሳህን፣ ስንት ሹካ፣ ስንት ቻፊንግ ዲሽ (ምግብ እንደሞቀ ማቅረቢያ) እንደሚያስፈልግ ጠዋት ከባንኬት (የድግስ) ወረቀቱ አይተህ ከስቶር ታስወጣለህ፣ ካላስወጣህ ምግቡ ደርሶ ማቅረቢያ ይጠፋና ሼፉ አንተን ነው የሚጠራው። የተሰበረ ዕቃ ትመዘግባለህ፣ የጎደለው የት እንደገባ ለፋይናንስ ታስረዳለህ። ብርጭቆ በብዛት የሚሰበረው ደግሞ ሲታጠብ ሳይሆን አስተናጋጆች ከሳህን ጋር ደራርበው ሲያመጡት ነው፣ ስለዚህ ከእነሱ ጋር ተግባባ።

የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑንም እወቀው። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ 82 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ ሳህኑ ቢያብረቀርቅም ጀርሙ ላይሞት ይችላል። በየሺፍቱ አስመዝግብ። ኬሚካል ላይ ግን እባክህ ቸል አትበል። ክሎሪን ያለበትን፣ ማለትም እንደኛ በረኪና ያለውን፣ ማሽኑ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ከሚያስለቅቀው አሲድ ጋር የቀላቀለ ልጅ መርዛማ ጋዝ ይተነፍሳል። ከስንት አገር የመጡ ልጆች ናቸው ሥርህ የሚሆኑት፣ ሁሉም እንግሊዝኛ አያነብም። ተለጥፏል ብለህ አትለፍ፣ በእጅህ አሳያቸው።

ኮንትራት ይነበብ፦
ደላላውን ተወው፣ አንድ ብር እንዳትሰጠው! በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ቪዛ፣ የሥራ ፈቃድ፣ የደርሶ መልስ ትኬትና ኢንሹራንስ የአሠሪው ወጪ ነው። አንተ የምትከፍለው እንደ ፓስፖርት፣ ሰነድ ማረጋገጫና ጤና ምርመራ ያለውን ነው። የኤምሬትስ ሕግም አሠሪ የቅጥር ወጪ ከሠራተኛ እንዳይቀበል ይከለክላል፣ ፓስፖርትህንም መያዝ አይችልም። ኮንትራቱን በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል አስጸድቀህ ሂድ።

ሌላው ቤዚክ ደመወዙን፣ ማለትም አበል ሳይጨመር ያለውን፣ እይ። የስንብት ክፍያ እዚያ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን ደመወዝ ነው፣ የሚሰላው ግን በቤዚኩ ብቻ ነው። ጠቅላላው 3,000 ድርሃም ሆኖ ቤዚኩ 1,200 ከሆነ የምታገኘው በ1,200ው ተሰልቶ ነው።

የፒያሳው ሼፍ፦
ለቤተሰቦችህ እንዲህ በልልኝ፦ እኔ ሃያ ዓይነት ምግብ ብሠራ ስቱዋርዱ ንጹሕ ድስት ካላቀበለኝ አንዱም አይወጣም። እንግዳ ምግብ ከመረዘው ሆቴሉ ይዘጋል፣ እሱን ከሚጠብቁት አንዱ አንተ ነህ።

የካዛንቺስ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ደብዳቤውን አሁን ደግሜ አየሁት፣ ቤዚኩ የጠቅላላው ግማሽ እንኳን አይሞላም። ከፍ አድርጉልኝ ብል ኦፈሩን ይሰርዙብኝ ይሆን?

ዱባይ የኖረች፦
በትሕትና ስለጠየቅክ አይሰርዙብህም ባይ ነኝ። ለኤች አሩ (የሰው ኃይል ክፍሉ) በኢሜይል ጻፍለት፣ የሚመልስልህም በጽሑፍ ይሁን። መኖሪያና ምግብ ከደመወዙ ይቀነስ እንደሆነም በዚያው ጠይቅ። ሳይመልሱልህ ግን አትፈርም።