ሬይድ 6 ወይስ ሬይድ 10? ግራ ገብቶኛል

ሰላም ወገኖች፣ ደብረ ማርቆስ የጤፍና የበቆሎ ጅምላ ንግድ አለን። የሽያጭ መዝገባችን ያለበት ሰርቨር ባለፈው ሳምንት ዲስኩ ሞተብን። ደግነቱ ፍላሽ ላይ ገልብጬ ነበር፤ ያውም የዛሬ ወሩን!

አሁን አራት ባለ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ገዝቼ በሬይድ (ዲስክ ቢሞትም መረጃው እንዳይጠፋ ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ የማሠራት ዘዴ) ላገናኛቸው ነው። ሬይድ 5 ባደርገው 12 ቴራ አገኛለሁ። ግን የሞተው ተተክቶ መረጃው እስኪሞላ ሌላ ዲስክ ከተበላሸ ሁሉም ገደል ገባ። ስለዚህ እሱን ትቼዋለሁ። ሬይድ 6ም 10ም የሚሰጡኝ 8 ቴራ ነው። 6 የትኞቹም ሁለቱ ቢሞቱ ይችላል። 10 ሲጽፍ ይፈጥናል፤ አንድ ዓይነት መረጃ የያዙት ጥንድ ዲስኮች አብረው ከሞቱ ግን አለቀ። መብራቱ ደግሞ ሳይናገር ነው የሚሄደው።

ለአምስት ኮምፒውተር የቱን ትመርጡልኛላችሁ? ሻጩ ርካሽ ነው የሚለኝ ዲስክ ኤስኤምአር (መረጃን አደራርቦ የሚጽፍ፣ በላዩ ደግሞ ሲጻፍ የሚዘገይ ዓይነት) ቢሆንስ በምን እለየዋለሁ?