ድመት ላለበት ቤት የትኛው አየር ማጣሪያ ይሻላል? ልጄ ሌሊት ደረቷ ሲር ሲር ይላል

ጠያቂ፦ የማርቆሷ እናት

እንዴት ሰነበታችሁ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ቤታችን ሁለት ድመቶች አሉ። ውሪትን እናቴ ናት ከቢቸና ያመጣችልኝ፤ ሌላው የእሷው ልጅ ነው፣ ወንድ። ጓዳ ያስቀመጥነውን ጤፍ አይጥ ማዳበሪያውን እየቀደደ ሲዘራብን ከርሞ ነው ያመጣችው፤ ውሪት ከመጣች ወዲህ አይጥ የሚባል አላየንም።

የሰባት ዓመቷ ልጄ ግን ካምና ጀምሮ ጠዋት ከአልጋ ስትነሳ ማስነጠስ ይይዛታል፣ ዓይኗን ስታሽ ትውላለች፣ ሌሊት ደግሞ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። ሐኪም አይቷት አለርጂና ቀለል ያለ አስም ነው ብሎ የሚነፋ መድኃኒት አዘዘላት። ድመት እንዳለንም ጠይቆኛል። ክረምቱ ሲገባ ባሰባት፤ የማርቆስን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ መስኮት ከፍቶ ማደር የሚታሰብ አይደለም።

አሜሪካ ያለችው እህቴ ለእንቁጣጣሽ ትመጣለች። አየር ማጣሪያ ላምጣልሽ ብላ የሦስት ማሽን ፎቶ ላከችልኝ። አንዷ ትንሽ ናት፣ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ። ሁለተኛው ኦዞን ያወጣል፣ ሽታ ድራሹን ያጠፋል ይላል። ሦስተኛው ረዘም ያለ፣ ክብ፣ ወደድ ያለ ነው። ምን አይቼ ልምረጥ? እውነት ለድመት አለርጂ ይረዳል ወይ? ድመቶቹን ማስወጣት የመጨረሻው መንገድ ቢሆንልኝ እወዳለሁ፤ ልጄ ውሪትን አቅፋ ነው ያደገችው።

የደጀኑ

እህቴ፣ ቅር አይበልሽና ልጅ ከድመት ትበልጣለች። ለእናትሽ መልሺላቸው። ለአይጡ ወጥመድ አለ፤ የማሽኑም ብር ይተርፍሻል።

ነርስ ከዳንግላ

እህት ዓለም፣ እግዜር ይማርልሽ። አለርጂው ከድመት ፀጉር የሚመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አይደለም። ድመት ምራቋና ቆዳዋ ላይ ፌል ዲ 1 የሚባል ፕሮቲን አለ። ሰውነቷን ስትልስ ፀጉሯን ትቀባዋለች፣ ሲደርቅ ከፎረፎሯ ጋር እየተፈረፈረ ይበናል። ብናኙ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ቶሎ መሬት አይወርድም፤ ለሰዓታት አየር ላይ ይንሳፈፋል። አየር ማጣሪያ የሚረዳውም ለዚህ ነው። ግን መጋረጃ፣ ሶፋና ልብስ ላይ የተጣበቀውን ማሽን አይነቅለውም፤ እሱ የመታጠብና የመወልወል ሥራ ነው።

የደጀኑ ወንድሜ ያለው ከንቱ አይደለም። ልጅቷ በመድኃኒትም እየባሰባት ከሄደች ሐኪሙም የሚለው እሱኑ ነው። ይሁንና ድመቶቹ ዛሬ ቢወጡም ቤት ውስጥ የቀረው ፕሮቲን ተሟጦ እስኪያልቅ ወራት ይፈጃል፤ አራትም ስድስትም ወር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጽዳቱ በየትኛውም መንገድ አይቀርልሽም።

ማሽኑ እስኪመጣ አትጠብቂ። ከዛሬ ጀምሮ ድመቶቹ የልጅቷ መኝታ ቤት ድርሽ አይበሉ፣ ቀንም ቢሆን። ቀኑን ሙሉ ትራሷ ላይ ተጠቅልላ የዋለች ድመት ማታ ብትወጣ ምን ዋጋ አለው? ልጅቷ አፍንጫዋን የምትቀብረው እዚያው ትራስ ላይ ነው። አንሶላና ብርድ ልብሱን በሙቅ ውኃ እጠቢ። ወንዱ ካልተኮላሸ እንስሳት ክሊኒክ ውሰጅው፤ ያልተኮላሸ ወንድ ፕሮቲኑን አብልጦ ያመነጫል። መድኃኒቷን ደግሞ ማሽን መጣልን ብለሽ እንዳታቋርጪባት፤ አደራ።

ከፍኖተ ሰላም

ስለ ኦዞኑ እኔ ልንገርሽ፣ ገዝቼ አይቸዋለሁና። ድመታችን ሳሎን ጥግ ላይ መሽናት ለምዳ ነበር፣ ሽታው እንግዳ ያሳፍር ነበር። ማሽኑን ሳበራው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሽታው ጠፋ፤ ቤቱ መብረቅ ከወረደ በኋላ እንዳለው አየር ሸተተኝ፣ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ጉሮሮዬን ይከረክረኝ ጀመር፣ ባለቤቴ ሳል ያዛት። አጥፍተነው ስናድር ይሻለናል፣ ስናበራው ይመለሳል። ኋላ ስጠይቅ ኦዞን ራሱ ሳንባን የሚያቆስል ጋዝ ነው አሉኝ። ጤነኛውን እኔን እንዲህ ካደረገኝ አስም ያለባትን ልጅ አስቢው። እህትሽ እንዳታመጣው።

ነርስ ከዳንግላ

እውነቱን ነው። ኦዞን የመተንፈሻ ቧንቧን ያስቆጣል፣ አስምን ይቀሰቅሳል። አዮናይዘር የሚባል ቁልፍ ያላቸው ማሽኖችም ጥቂት ኦዞን የሚያወጡ አሉ፤ ቁልፉ ካለ ዘግተሽ ተጠቀሚ።

መምህር ከሞጣ

እህቴ፣ የክፍሉን ስፋት ሳናውቅ ይሄኛው ይሻላል ልንልሽ አንችልም። ማሽኑ የሚቀመጥበትን ክፍል ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ በሜትር ለክተሽ ንገሪን። እህትሽ ደግሞ በየሳጥኑ ላይ ሲኤዲአር የሚለውን ቁጥር ታንብብልሽ። ማሽኑ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ምን ያህል የተጣራ አየር እንደሚሰጥ የሚናገረው እሱ ነው። "ለ100 ካሬ ይበቃል" የሚለውን ጽሑፍ አትመኚው፤ ብዙ ጊዜ የክፍሉን አየር በሰዓት አንዴ ብቻ እንደሚያዞር ተቆጥሮ የተጻፈ ነው። ለአለርጂ በሰዓት አምስት ጊዜ ያህል መዞር አለበት።

ማጣሪያውም ሄፓ ይሁን። ትክክለኛው ሄፓ 0.3 ማይክሮን ከሚያክለው ብናኝ 99.97 በመቶውን ይይዛል። በአውሮፓ አመዳደብ ኤች 13 የሚባለው 99.95 በመቶ ነው፤ እሱም ይበቃሻል። ሄፓ ታይፕ ወይም ሄፓ ላይክ የሚል ከሆነ ግን ሄፓ መሳይ ማለቱ ነው እንጂ ደረጃውን አሟልቷል ማለት አይደለም።

የማርቆሷ እናት

እግዜር ይስጥልኝ፣ ኦዞኑን ሰርዤዋለሁ። የልጅቷ ክፍል 4 በ3 ነው፣ ከፍታው እስከ ኮርኒሱ 2.8። ሳሎኑ 5 በ4፣ ከፍታው ያው ነው። ትንሿ ማሽን 40 ሲኤፍኤም ትላለች። ትልቁ 200 ሲኤፍኤም፣ ትሩ ሄፓ ይላል። አንዱን ብቻ ነው የምገዛው፤ ሳሎን ላድርገው?

መምህር ከሞጣ

መኝታ ቤት አድርጊው። 4 በ3 በ2.8 ሲባዛ 33.6 ሜትር ኩብ ነው። በሰዓት አምስት ጊዜ ይዙር ስንል 168 ሜትር ኩብ ይሆናል። አሜሪካኖቹ የሚጽፉት በሲኤፍኤም ነው፤ አንድ ሲኤፍኤም በሰዓት 1.7 ሜትር ኩብ ነውና ወደ 100 ሲኤፍኤም ያስፈልግሻል። ባለ 40ዋ ከግማሽ በታች ናት፤ ተያት።

200 አይበዛም ወይ እንዳትይኝ። ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ማሽኑ በመጨረሻው ፍጥነት ሲሮጥ ነው። በዚያ ፍጥነት ጩኸቱ ልጅ አያስተኛም፣ ዝቅ ስታደርጊው ደግሞ የሚያጣራው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል። ባለ 200ው መካከለኛው ላይ ሆኖ ቀስ ብሎ እየሠራ የምትፈልጊውን ይሰጥሻል። እኔ ቤት ልጅቷ ከመተኛቷ አንድ ሰዓት በፊት በሩን ዘግተን ከፍ አድርገን እናበራዋለን፣ ስትተኛ ዝቅ። ከግድግዳው ሠላሳ ሳንቲም ያህል አርቂው፣ መጋረጃ አይሸፍነው።

ኤሌክትሪሺያን ከባሕር ዳር

ቆይ ቆይ፣ ብሩ ሳይወጣ! የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ይዞልኝ የመጣውን ማሽን እኔው ራሴ፣ በሙያው ያለሁት፣ ጽሑፉን ሳላነብ ሰካሁት። ጧ አለ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፣ አለቀ። አንድ ሌሊት እንኳ አልሠራም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልት 50 ኸርዝ። እህትሽ ማሽኑን ገልብጣ ከሥሩ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት ፎቶ ታንሳልሽ። ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ ካለ በሰላም ሰኪው። 120 ብቻ ካለ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ግድ ነው፤ ማሽኑ 45 ዋት ቢሆን ባለ 100 ዋት ወይም ከዚያ በላይ ያዢ። ኸርዙን ግን ትራንስፎርመር አይቀይረውም፤ አንዳንዱ ሞተር በዚህ ይግላል። ዱባይ ሰው ካለሽ ከዚያ ይምጣልሽ፣ የዱባዩ 50 ኸርዝ ከ220 እስከ 240 ቮልት ነው። ሦስት ጥርስ ሶኬቱን ማስተካከያ ይፈታዋል።

ደግሞ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራሱ የማይነሳ ማሽን አለ፤ ሌሊት መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ አንቺ ሠራ ብለሽ ተኝተሻል፣ ማሽኑ ጠፍቶ አድሯል። በእጅ የሚዞር ቁልፍ ያለው ወይም የነበረበትን አስታውሶ የሚነሳ ይሁን። ስታቢላይዘርም አትርሺ፤ መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ነው ዕቃ የሚጨርሰው። ቆጣሪውን አትፍሪ፣ ባለ 40 ዋት ሃያ አራት ሰዓት ቢሠራ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም።

እማማ ከቡሬ

ልጄ፣ እኔ ስለ ማሽን አላውቅም። ቤት ግን ስጠርግ ኖሬአለሁ። ልጅቷ የምትተኛበት ቤት አጎዛ ተነጥፏል? ኮርኒሱስ አቡጀዲ ነው? የልጅ ልጄ እንደ ልጅሽ ሲታመም አጎዛውን አወጣነው፣ አቡጀዲውን አውርደን አጠብነው። ውኃው ሦስቴ ተቀይሮ ሦስቴም ቡናማ ሆኖ ወጣ። ያ ሁሉ በላዩ ላይ ነበር ማለት ነው። መጥረጊያም አቧራ ያስነሳል፤ መጀመሪያ ውኃ እርጨት አድርጊ ወይም በእርጥብ ጨርቅ ወልውይ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትሆን።

ቡናውንም ከደጅ አፍይው። ዕጣኑ፣ ከሰሉ፣ ዝግ ቤት፣ ክረምት፤ ድመቷ ብቻ ትወቀሳለች እንዴ?

አንድ ጊዜም የድመት ሽንት በበረኪና ሳጥብ ጭሱ አፈነኝ፣ እየተንደረደርኩ ነው የወጣሁት። ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ነርስ ከዳንግላ

እማማ፣ እግዜር አትርፎዎታል። ሽንቱ አሞኒያ አለው፤ በረኪና ሲነካው ክሎራሚን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። የድመት ሽንት በበረኪና አይታጠብ። ብዙ ውኃና ሳሙና፣ ከዚያ ትንሽ ኮምጣጤ ይበቃል። ዴቶልም አይሁን፤ ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ለድመት መርዝ ነው፣ መዳፏን ስትልስ ትጠጣዋለች።

ስለ ከሰሉም ያሉት ትልቅ ነገር ነው። ሄፓ ጭሱን ይይዛል፣ ግን ቶሎ ይጠቁራል፣ ይደፈናል። የከሰሉን ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ጨርሶ አይዘውም፤ ሽታ የሌለው ጋዝ ስለሆነ አታውቂውም፣ በሄፓው አልፎ ይሄዳል። ማሽን አለ ብሎ ከሰል ቤት አስገብቶ መተኛት ሞት ነው።

ከፍኖተ ሰላም

ለሽታው ጥቁር የከሰል ማጣሪያ ያለው ማሽን አለ፤ ቀጭን ስፖንጅ ላይ የተረጨው ከሆነ ብዙ አትጠብቂበት። እኔን የገላገለኝ ድመቷ የምትጸዳዳበት ሣጥን ነው። ሰጋቱራ ሞልቼበት ጠዋት ማታ እጠርጋለሁ፣ በሳምንት አንዴ ሙሉውን እደፋለሁ። ነፍሰ ጡር ቤት ካለች ግን እሷ አትንካው።

የማርቆሷ እናት

እማማ፣ አቡጀዲ ነው! ተቀብቶ ነጭ ስለሆነ ልብም አላልኩት። እህቴም ፎቶውን ላከችልኝ፣ 120 ቮልት ብቻ ይላል። ስለዚህ የባለቤቴ ወንድም ዱባይ አለ፣ ለእሱ ነገርኩት። ባለ 200ውን የሚያክል፣ በሰዓት 340 ሜትር ኩብ የሚል ይፈልግልኛል። ማጣሪያው በየስንት ጊዜው ይቀየራል?

መምህር ከሞጣ

ከስድስት ወር እስከ ዓመት። ቡናው ደጅ ከወጣ ወደ ዓመቱ ትጠጊያለሽ። ማርቆስ ገበያ ማጣሪያውን ስለማታገኚው ሁለት ትርፍ አብሮ ይግዛልሽ፤ ዋጋውንም ማሽኑን ሳይገዛ ይጠይቅ፣ ርካሽ ማሽን ውድ ማጣሪያ ያለው ሞልቷል። ከውጭ ያለውን ፀጉር የሚይዘውን ወንፊት በየሁለት ሳምንቱ አራግፊ። ሄፓውን ግን ውኃ እንዳታስነኪው፣ ያበቃለታል።

የማርቆሷ እናት (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ማሽኑ ገና አልመጣም። አቡጀዲውን አውርደን አጠብነው፣ አጎዛውን ለእናቴ ላክሁ፣ ቡና በረንዳ ላይ ነው የምናፈላው። ወንዱም ተኮላሽቷል። ትናንት ጠዋት ልጄ ስትነሳ ቆጠርኩላት፣ አራት ጊዜ ነው ያስነጠሰችው። ሌሊት ሲር ሲር የሚለው ግን አሁንም አለ፣ ማክሰኞ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለን። ውሪት ሌሊት በሩ ሥር ተኝታ በክፍተቱ መዳፏን እያስገባች ትጮኻለች፣ ልጅቷም ትነቃለች። ምን ላድርግ?

እማማ ከቡሬ

የበሩን ሥር በጨርቅ ድፈኚው፣ ብናኙም በዚያ ነው የሚገባው። ለውሪት ደግሞ ልጅቷ የጣለችውን አሮጌ ጋቢ ጓዳ፣ ጤፉ አጠገብ አንጥፊላት። ጠረኗን ታውቀዋለች፣ እዚያ ትተኛለች።