ሳይፈርሙ ዋስ መሆን፦ በባንክ ኃላፊዎች ላይ የተነሳው ቁጣ ልክ ነበር?

ጥያቄውን ያነሳው (አዳማ)፦ ትናንት ፍራንኮ አካባቢ ቡና ስንጠጣ የተነሳ ክርክር ነው፤ እዚህም እንቀጥልበት። እ.ኤ.አ. በ2008 የዓለም የገንዘብ ቀውስ የብሪታኒያ መንግሥት ሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድን ለማዳን 45 ቢሊዮን ፓውንድ አወጣ። ባንኩን እዚያ ያደረሰው ዋና ኃላፊ ፍሬድ ጉድዊን ግን በዓመት ወደ 700 ሺህ ፓውንድ ጡረታ ተቆርጦለት ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ኤድንብራ ያለው ቤቱ መስኮቶች በድንጋይ ተሰባበሩ። ይህ ቁጣ ፍትሕ ፍለጋ ነው ወይስ ምቀኝነት?

የእህል ነጋዴ፦ ምን ምቀኝነት አለው? እኔ ስበደር ቤቴን አስይዤ ነው። ከከሰርኩ ቤቴ ሐራጅ ይወጣል። እነሱ ግን በሰው ገንዘብ ቆመሩ። መክፈል ለማይችል ሰው የቤት ብድር ሰጡ፣ ብድሩን ጠቅልለው ለሌላ ሸጡ፣ ኮሚሽናቸውን ኪሳቸው ከተቱ። አሜሪካ ውስጥ ኤአይጂ የተባለውን የኢንሹራንስ ድርጅት ገደል የከተተው ክፍል ሠራተኞች፣ ድርጅቱ በሕዝብ ገንዘብ ከተረፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ 165 ሚሊዮን ዶላር ቦነስ ተመደበላቸው። ይህን ሰምቶ የማይቆጣ ማን ነው?

የባንክ ሠራተኛ፣ ብድር ክፍል፦ ጋሼ፣ ንዴትዎ ይገባኛል። ግን ሁለት ነገር ልበል። ሌማን ብራዘርስ የተባለው የአሜሪካ ባንክ ዝም ተብሎ ሲወድቅ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 2008 ማለት ነው፣ ባንኮች እርስ በርስ መበዳደር ፈሩ። ጤነኛ ድርጅቶች እንኳ ደመወዝ የሚከፍሉበት ገንዘብ ሊያጥራቸው ነበር። ባንክ የሚታደጉት ለባለቤቱ ብለው ብቻ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ለባንኮች የሰጠው ወደ 245 ቢሊዮን ዶላርም ከነትርፉ ተመልሷል። ሁለተኛ፣ ሕዝብ "ባንከር" ብሎ ሲቆጣ ስድቡ የሚያርፈው የባንክ መስኮት ላይ የቆመችው ልጅ ላይ ነው። እኔም በዚያ መስኮት አልፌያለሁ። ያን ውሳኔ እሷ አልወሰነችም።

ተማሪ፦ እህቴ፣ የመስኮቷን ልጅ ማንም አይነካት። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በእኛ አቆጣጠር በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ተማሪዎች የሌላቸውን ብር ሲያወጡ፣ ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶ ይፋ ተደረገ። መመለስ ነበረባቸው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ከ2008ቱ ቀውስ ጋር በተያያዘ የታሰረ የዎል ስትሪት (የአሜሪካ የገንዘብ ገበያ) ትልቅ ባንከር ፈልጌ ያገኘሁት አንድ ሰው ነው፦ ኪሳራ የደበቀው የክሬዲት ስዊስ ባንኩ ካሪም ሴራጌልዲን። አይስላንድ ግን ትንሽ አገር ሆና የትልልቅ ባንኮቿን ኃላፊዎች ፍርድ ቤት አቁማ አሰረች። ስለዚህ ይቻላል!

የእህል ነጋዴ፦ ተባረክ ልጄ። አሁን እቁባችንን አስቡት። ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። ዋሱ መጥቶ፣ ሰውየውን አውቆ፣ ፈርሞ ይገባል። እዚያ ግን ዋሱ ሳይጠራ ተፈረመበት። ስኮትላንድ ያለ አንድ አስተማሪ ስለዚያ የብድር ጥቅል ሰምቶም አያውቅ፤ ሂሳቡ ግን እሱ ጋ መጣ። እህታችን የአሜሪካኑ ተመለሰ አለች፤ እሺ። የብሪታኒያ መንግሥት ግን የሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድን የመጨረሻ አክሲዮኑን የሸጠው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው፤ ያውም ወደ 10 ቢሊዮን ፓውንድ ከስሮ። አዳማ ላይ ሀብታም ሞልቷል። በላቡ ያገኘውን እናከብራለን፣ ሠርጉ ላይም እንጨፍራለን። ሳይፈርሙ ዋስ መሆን ግን ያቃጥላል።

ጥያቄውን ያነሳው፦ ድንጋዩስ ጋሼ?

የእህል ነጋዴ፦ ድንጋዩን አልደግፍም። ቤት ውስጥ ልጆች አሉ።

የባንክ ሠራተኛ፦ የዋሱ ነገር አሳምኖኛል። እኔም ብድር ሳጸድቅ ከተበላሸ የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ ከላይ ያለውም እንደዚያው ይጠየቅ። ብሪታኒያ ከቀውሱ በኋላ ያወጣችው ደንብ አለ፦ የባንክ ኃላፊ የወሰደው ቦነስ ጥፋት ከተገኘበት ቢያንስ ለ7 ዓመት ሊመለስ ይችላል። ወደ እኛም ቢመጣ ደስ ይለኛል። ጋሼ፣ ይህ አይበቃም?

የእህል ነጋዴ፦ ጥሩ ጅምር ነው ልጄ። ግን የእኔ የብድር ውል 10 ዓመት ነው። የቤቴ ካርታ እስከ መጨረሻዋ ወር እናንተ ጋ ነው።